ለ14 ዓመት ልጅ ይነበባል ወይ?

ጥያቄ

አሰላሙ አለይኩም እትዬ። መጽሔቱን የማገኘው ከእህቴ ነው፤ ደሴ ስለምትሠራ ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች። የምኖረው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ከሚቀሩ ብዬ እቤት ማስተማር ጀመርኩ። እኔ ራሴ 10ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ትልቁ ወንድ ነው፣ 14 ዓመቱ፤ የ8ኛ ክፍል ትምህርት ይዟል። ትንሿ 12 ዓመቷ ነው፣ የ6ኛ ክፍል ነው የምትማረው።

የታተመ መጽሐፍ የለንም። አንድ ዘመዳችን በቴሌግራም የላከልን እኔ ስልክ ላይ አለ። ስለዚህ ማታ ከእራት በኋላ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ። ታሪኩንም፣ ሳይንሱንም፣ አማርኛውንም። ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ጉሮሮዬ ግን አለቀ።

ባለቤቴ «ጺም ሊያወጣ ለደረሰ ልጅ ታነቢያለሽ እንዴ? ልታጃጅይው ነው!» ይለኛል። እህቴም «ራሳቸው ካላነበቡ ምን ተማሩ ይባላል?» ትላለች። ሞክሬ ነበር። ስልኩን ሰጥቼው «ይህን ምዕራፍ ራስህ አንብብ» አልኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ጨረስኩ» ብሎ መጣ። ስለ ምንድን ነው ስለው «ስለ ጦርነት» አለኝ። የትኛው ጦርነት? ማን ከማን? አያውቅም። እኔ ሳነብለት ግን ስሙን ከነቀኑ ይዞ ይነግረኛል።

ማንበቤን ልተው ወይስ ልቀጥል? እንግሊዝኛውንስ ምን ላድርግ? አነባበቤ ደህና አይደለም። በነገራችን ላይ ባለቤቴ እንደዚያ ይበል እንጂ፣ ማንበብ ስጀምር ሬዲዮውን ይቀንሳል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐይቅ

መልስ

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ፣ ልጆችሽ ሜዳ ላይ አልቀሩም።

የደብዳቤሽን የመጨረሻ መስመር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሬዲዮውን ይቀንሳል! ልጁ ሲነበብለት ይጃጃላል ከተባለ አባትየው ምን ሊባል ነው? እኔ ወጣት ሆኜ ሆጤ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት ተሰብስበን ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለድ ሲተርክ እንሰማ ነበር። ባለሱቁ፣ ጡረተኛው፣ ጠጅ የቀማመሰው ሳይቀር ጸጥ ይላል። «ዝጉት፣ መጽሐፉን ገዝቼ ራሴ አነበዋለሁ» ያለ አንድም ሰው አልገጠመኝም።

ስለዚህ የዕድሜውን ነገር እንተወው። እኔን ያሳሰበኝ የአሥር ደቂቃው ነው። እሱን አቆይቼ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ።

በግእዝ «ነበበ» ማለት «ተናገረ» ማለት ነው። «አነበበ» የሚለው ቃላችን የመጣው ከዚያ ነው። ቃሉ ራሱ ድምፅ አለበት። አባቴ ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። የንባቡ ትምህርት ሁሉ በጩኸት ነበር። አንዱን ቃል ተነሽ፣ ሌላውን ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያሉ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ ያርሟቸዋል። ማታ ደግሞ ብርሃን ስለሌለ የቃል ትምህርት ነው፤ ጆሮ ብቻ። የእናቴ ወንድም ደግሞ ቁርአን ቤት ነው ያደጉት (እኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም)። እሳቸውም ሉሁን (የእንጨት ሰሌዳውን) ይዘው ሼሁ ፊት ጮክ ብለው ካልቀሩ፣ ማለት ካላነበቡ፣ እንዳነበቡ አይቆጠርም ነበር። አንቺም የምትጽፊልኝ ከሐይቅ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔና አንቺ ከዳር ሆነን እናየው እንደሆን እንጂ፣ ሰፈርሽ የትምህርት ሰፈር ነው። እዚያም ቢሆን ትልልቅ ሰዎች ሲማሩ ትምህርቱ የተላለፈው በአብዛኛው በአንደበትና በጆሮ ነው።

እኔ ግን እንዲህ አላስተማርኩም። 31 ዓመት አማርኛ ሳስተምር «በዓይናችሁ ብቻ! ከንፈር አይንቀሳቀስ!» እያልኩ በክፍሉ ውስጥ የምዞር መምህርት ነበርኩ። ከ5ኛ ክፍል በላይ ጮክ ብሎ ማንበብ የሕፃን ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ያወጣኝ አንድ ቃል ነው።

ምንባቡ ስለ ውጊያ ነበር። «ጠላት በዚህ በኩል ከመጣ ይመታል» ይላል። ልጆቹ በዝምታ አነበቡ። ጥያቄ አወጣሁ፦ ጠላት በዚህ በኩል ቢመጣ ማን ያሸንፋል? ከክፍሉ ብዙው «ጠላት» አለ። በጣም ተናደድኩ። ከዚያ አንዷን «እስቲ አንብቢው» አልኳት። «ይመታል» የሚለውን አላልታ አነበበችው። አላልተሽ ካነበብሽው ጠላት መቺ ነው። አጥብቀሽ ካነበብሽው ተመቺ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»፣ «ይበላል»፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ልጅ በዝምታ ሲያነብ አላልቶ ይሁን አጥብቆ አንቺ አታውቂም። እሱም መሳሳቱን አያውቅም። አፉን ሲከፍት ግን ስህተቱ ወዲያው ይሰማል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልልቆቹንም ጮክ ብለው ማስነበብ ጀመርኩ። 8ኛ ክፍልም ሆነ 10ኛ።

አሁን ወደ አሥሩ ደቂቃ። የንባብ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ነገር አላቸው። ጎፍና ተንመር የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ነው። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላሉ። አንዱ ፊደሉን ፈትቶ ቃሉን ማወቅ ነው። ሌላው ያንኑ ነገር በጆሮ ቢሰሙት መረዳት ነው። ልብ በይ፣ ድምር አላሉም፤ ብዜት ነው ያሉት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው።

አንቺ ሳታውቂው ፈተናውን ሠርተሽዋል። ስታነቢለት ስሙን ከነቀኑ ይዞ ይነግርሻል። ስለዚህ ጆሮው ደህና ነው፤ ማስተዋሉም ደህና ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ባዶ እጁን ይመጣል። እንግዲህ ነገሩ ያለው ዓይኑ ላይ ነው፤ ወይም ስልኩ ላይ። ስልኩን ቀላል አታድርጊው። እኔም በዚያች ትንሽ መስኮት ፒዲኤፍ ለማንበብ ሞክሬያለሁ። ገጹን ሳሰፋው መስመሩ ይቆረጣል፣ ሳጠበው ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። በጣቴ ወዲያ ወዲህ ስገፋ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል። መሃል ላይ ደግሞ የቴሌግራም መልእክት ጢው ይላል። የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ላይ አንድ ምዕራፍ በአሥር ደቂቃ «ጨረስኩ» ቢል የጨረሰው መግፋቱን ነው። ከተማ ስትወጪ አንድ ምዕራፍ ብቻ እንኳ በወረቀት አስወጪለት። ገንዘቡ ካልተገኘ ራሱ ሁለት ገጽ በእጁ ይገልብጥ። ገልብጦ የጻፈውን ያነበዋል፤ የራሱ ጽሕፈት ስለሆነ።

የወረቀቱን ገጽ ስትሰጪው በመጀመሪያ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። በየቃሉ ከተደናቀፈ ልምምድ ነው የጎደለው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያነበበ ይለቀዋል። እንደ ውኃ ካነበበው ደግሞ ዓይኑም ደህና ነው፣ የጎደለው ትዕግሥት ነው። እሱም መድኃኒት አለው፤ እመጣበታለሁ። የትንሿን ግን ለየብቻ እዪ። አንብበሽላት «ብርሃን አስተፃምሮ» (ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበት) የሚለው ቃል ላይ ዓይኗ ከፈዘዘ ጉዳዩ የማንበብ አይደለም። ቃሉን አታውቀውም። እሱን እሷም ብታነበው አንቺም ብታነቢው ለውጥ የለውም። ቅጠል ቀጥፈሽ ማሳየት ነው።

እህትሽ ያለችውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። እኔ በዚህ በኩል የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። የወንድሜን ልጅ ከወረኢሉ አምጥቼ ነው ያሳደግሁት። መጽሐፍ ሲያይ ያዛጋል። ሳነብለት ግን ዓይኑ ይበራል። ስለዚህ አነበብኩለት። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ ማታ ማታ፣ እሱ ጋቢ ተከናንቦ፣ እኔ መነጽሬን ሰክቼ። በቃል ጠይቂው፣ አንደኛ ነው! ጎረቤት ሁሉ ሊቅ ይለዋል። ሚኒስትሪ ተፈተነና ውጤቱ ሲመጣ እንደ ጠበቅሁት አልሆነም። አማርኛው ባሰ፤ የእኔው ትምህርት! የምንባቡን ጥያቄ ሳይጨርስ ሰዓት አልቆበታል። «ምን ነካህ?» አልኩት። «እትዬ፣ ድምፅሽ የለማ!» አለኝ።

እስከ ዛሬ ቤተ ዘመድ ቡና ላይ በዚህች ቃል ይተርበኛል። እውነቱን ነው ግን። እኔ ሳነብ የት እንደሚቆም፣ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ነገር ቁም ነገር እንደሆነ በድምፄ እነግረዋለሁ። ግማሹን ሥራ ሠርቼ ነው የማቀብለው። ጉርሻ በይው። ብቻውን ወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ መጠቅለሉን አልለመደውም። የአንቺም ልጅ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ፈተና አዳራሽ ይገባል። እዚያ የሚያነብለት የለም።

ስለዚህ ማንበብሽን አትተዪ፤ ግን ሁሉንም አንቺ አታንብቢ። እንደኔ አራት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ከጮህሽ ጉሮሮሽም አይተርፍ፣ ልጁም አይለምድ።

እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከባዱን ነገር፣ ታሪክ ይሁን አዲስ የሳይንስ ምዕራፍ፣ እኔ እጀምረዋለሁ። የመጀመሪያውን አንድ ገጽ ብቻ። ስሞቹን፣ ቦታዎቹን፣ አዳዲስ ቃላቱን ጆሯቸው ይልመድ። እዚህ ላይ እንደ ልብሽ አቁመሽ ማውራት ትችያለሽ፤ የማንበብ ጥቅሙ ይኸው ነው። ልጅሽ «ስለ ጦርነት» ያለው ሰገሌ ከሆነ እንኳ፣ ቁሚና «ንጉሥ ሚካኤል ማለት ደሴ ያየኸውን የአይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት ናቸው» በይው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የተሸነፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ «ማን ከማን?» ብትይው አይጠፋውም። መጽሐፉ ይህን ቆም ብሎ አይነግረውም።

ሁለተኛውን ገጽ ትልቁ ያነባል፣ ጮክ ብሎ፣ ለእህቱ። አንቺ ቡናሽን ቁዪ ወይም ምስር ልቀሚ፤ ጆሮሽ ግን እዚያ ይሁን። «ለእናትህ አንብብ» ስትይው ፈተና ይመስለዋል። «ለእህትህ አንብብላት» ስትይው ትልቅ ሰው ይሆናል። የአባቱም ቅሬታ በዚያው ያልቃል፤ ማንም እያጃጃለው አይደለማ። ሲሳሳት በየቃሉ አታቋርጪው። ትርጉም የሚያዛባውን ብቻ አርሚ።

ሦስተኛውን ብቻውን ነው፣ በዝምታ። ታሪኩ ከተጀመረለት በኋላ ስለሆነ አይከብደውም። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የሰማውን ምዕራፍ መልሶ ቢያነብም ጥሩ ነው፤ ድምፅሽ ጆሮው ውስጥ ስላለ መንገዱን ያውቀዋል። የወንድሜን ልጅ ያቃናሁት በዚህ ነው። ወራት ፈጀ እንጂ ቀላል ነበር።

የትዕግሥቱ መድኃኒት ደግሞ አንዲት ቃል ናት፦ «ንገረኝ»። ልጆችን እቤት ማስተማር አሜሪካና እንግሊዝ አገር ወላጆች ፈልገው የሚያደርጉት ነገር ነው፤ እንዳንቺ ቸግሯቸው አይደለም። አንዳንዶቹ ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት መምህርት (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ያቆየችውን መንገድ ይከተላሉ። እሷም ትምህርቱን በፖስታ በየቤቱ ለሚያስተምሩ ቤተሰቦች ትልክ ነበር፤ የዘመኑ ቴሌግራም በይው። ደንቧ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፣ አይደገምም። ከዚያ ልጁ የሰማውን ወይም ያነበበውን በራሱ አንደበት መልሶ ይናገራል። የሚደገምለት መሆኑን ካወቀ ይዘናጋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ካወቀ ጆሮው ይቆማል። (ቅድም መልሶ ያንብብ ያልኩሽ ለንባብ ልምምድ ነው፤ «ንገረኝ» ስትይው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።) እኔ ይህን ሳውቅ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ባውቀው ኖሮ ስንት ጥያቄ ከማውጣት እድን ነበር!

ስለዚህ «ጨረስኩ» ብሎ ሲመጣ «ጎበዝ፣ በል ንገረን» በይው። ለእህቱ ይንገራት። እሷ ጨካኝ ዳኛ ናት፤ የ12 ዓመት እህት አታልፍም። ሁለት ሦስት ቀን ያፍራል። በአራተኛው ቀን አሥር ደቂቃው ሃያ ይሆናል። አንቺም ሰዓት አትቁጠሪ፤ የሚነግርሽን ስሚ።

እንግሊዝኛውን በአጭሩ ልለፈው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ችላ አትበዪው። ግን እንግሊዝኛ ጽሕፈቱና ድምፁ የማይገናኝ ቋንቋ ነው፤ የማይነበብ ፊደል መሃል ላይ ይደነቅራል። አንቺ ገምተሽ ያነበብሽለትን ልጁ ለዕድሜ ልክ ይዞት ይቀራል። የድምፅ ቅጂ ካገኛችሁ እሱን እየሰማ በጣቱ መስመሩን ይከተል። ካልተገኘ ደግሞ በዝምታ አንብቦ ትርጉሙን በአማርኛ ይንገርሽ። እዚያ ላይ የአንቺ ድርሻ ማዳመጥ ነው። በዚህ ማፈር የለም፤ እኔም እንግሊዝኛዬን ለማንም አላሰማም።

ለጉሮሮሽ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ በማር ጠጪ።

ባልሽን ደግሞ አትከራከሪው። እንዲያውም ይህን መልስ አንቺ አታንብቢለት። ትልቁ ልጅ ጮክ ብሎ ለአባቱ ያንብብለት፣ ሬዲዮው ተቀንሶ። «ይመታል» የሚለው ጋ ሲደርስ ብቻ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ላልቶ ይሁን ጠብቆ ጻፊልኝ።